የሁዳዴ እንቁላልና የዶክተር ገመቹ እጅ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰፈሩ የዶሮ ሐኪም አድርጎኛል። ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ገና ሳልከፍት አውቀዋለሁ፤ አንዷ ጎረቤቴ ክንፏ የወደቀ ዶሮ ታቅፋ ቆማለች። "እትዬ ዘነቡ፣ እርስዎ ዕድሜ ልክዎን ከዶሮ ጋር አይደል የኖሩት? እስቲ ይችን ይዩልኝ" ትለኛለች። አያትና "እረጃት" እላለሁ። ሌላ ሕክምና አላውቅም። በሥራ ዘመኔ አብዛኛውን ጊዜ ያየሁት ዶሮን ሳይሆን ዶሮ ከመሆኑ በፊት ያለውን ነገር ነው፤ እሱም ቢበዛ የሩዝ ፍሬ ያህላል። የእኔ ሥራ በዚያች የሩዝ ፍሬ ጭንቅላት ውስጥ አንጎል እንዴት እንደሚሠራ ማየት ነበር። ይህን ስናገር ሰፈርተኛው ይስቃል፤ የዶሮ አንጎል ደግሞ ምኑ ይታያል ይለኛል። ስለዚህ አንዴ በደንብ ልጻፈውና ይገላግለኝ ብዬ ተቀመጥኩ።

ሌላም ምክንያት አለኝ። እኔ የማከብራቸው አንድ ሰው በገዛ እጃቸው ላይ ፈርደው ነበር። ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም፤ አምስት ጣት ባለው እጃቸው ላይ ነው የፈረዱት። ያ ፍርድ እንዴት እንደተሻረ የምናውቀው ጥቂት ሰዎች ነን፤ እኔ ደግሞ ጥሩ ነገር አውቄ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

ሥራ የጀመርኩት ቢሾፍቱ ነው፣ ጫጩት በሚፈለፍል አንድ እርባታ ውስጥ። ገና ትምህርት ቤት የጨረስኩ ልጅ ነበርኩ። እንቁላሉን በጨለማ ክፍል ውስጥ አምፖል ፊት ይዤ ደም ሥር ያበጀውን ካላበጀው እለያለሁ። ያበጀው ወደ መፈልፈያ ማሽኑ ይመለሳል፣ ያላበጀው ይጣላል። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አይጠየቅም። አለቃችን እንቁላል የሰበረ ሠራተኛ ላይ ጮኸው አያውቁም። ዝም ብለው እያዩ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ እሱ ከጩኸት ይብስ ነበር። እጄን ያረጋጋልኝ የእሳቸው አንገት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ቀን ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ አንድ ቀጭን፣ ረጅም ሰው መጡና የምንጥለውን እንቁላል ስጡኝ አሉ። የፈላጊ ያለህ! በዚያ ሰሞን መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ ከልክ በላይ ግሎ ብዙ እንቁላል አበላሽቶብን ነበር። ሰውየው አንዱን ሰብረው በሳህን ላይ ገለበጡትና ጠሩኝ። ጫጩቱ ሁሉ ነገሩ ተሠርቶ አልቋል፤ የራስ ቅሉ ግን አልተዘጋም፣ አንጎሉ ውጭ ቀርቷል።

"ይሄ ልጅ ምን ጎደለው?" አሉኝ።

"ክዳን" አልኳቸው።

ሳቁ። "ክዳኑን የሚሠራበት ዕቃ ሁሉ ነበረው። ያጣው በሰዓቱ ዝጋ ብሎ የሚነግረውን ነው።"

ዶክተር ገመቹን የማውቃቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። በዚያ ቀን የተናገሯት ቃል ደግሞ የሥራ ዘመናቸውን በሙሉ የሚያጠቃልል ነበር፤ ይህን ያወቅኩት ግን በኋላ ነው።

ከዚያ አዳሚ ቱሉ የምርምር ጣቢያ ተመደብኩ። ሙቀቱና የወባ ትንኙ የዝዋይ ሐይቅን ውበት ያስረሳል። እዚያ ማይክሮስኮፕ ማየት ተማርኩ፤ አንድ ዓይን ጨፍኖ ሳይሆን ሁለቱንም ከፍቶ። እዚያ የነበሩት አለቃ የላቦራቶሪውን ፍሪጅ ቁልፍ በአንገታቸው አንጠልጥለው ይዞሩ ነበር። እፈርድባቸው ነበር፤ አንድ ቀን ከፍተው ሲያሳዩኝ ግን ከመድኃኒቱ ጎን የሠራተኛው ለጋ ቅቤ በቅል ተደርድሮ አየሁ። በኋላ የራሴን ፍሪጅ ሳገኝ እኔም ቁልፉን አንገቴ ላይ አሠርኩት።

ዶክተር ገመቹ ናዝሬት ውስጥ በሚያስተምሩበት ተቋም አንዲት ክፍል ሲሰጧቸው አስታወሱኝ። "እንቁላል የማይሰብር ሰው እፈልጋለሁ" ብለው ላኩብኝ። ዝውውሩን ለማስፈረም ያሳለፍኩትን መከራ እዚህ አላነሣም፣ ያስቆጣኛል። ገባሁ፤ እስከ ጡረታዬም ድረስ ከዚያች ክፍል አልወጣሁም።

አሁን ሥራውን ላስረዳ። ፅንሱ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሴል ሙሉውን ዘረመል ይዟል። የእግሩ ሴል የዓይንንም፣ የአንጎሉ ሴል የላባንም ይዟል። ልዩነቱ የትኛው ዘረመል ተከፍቶ ይነበባል፣ የትኛው ተዘግቶ ይቀመጣል የሚለው ነው። ዶክተር ገመቹ ለተማሪዎች ሲያስረዱ "እንደ ናዝሬት ውኃ ነው" ይሉ ነበር። "ቧንቧው ሁሉም ቤት ገብቷል። ውኃው ግን በፈረቃ ነው የሚመጣው። የእኛ ጥያቄ ፈረቃውን ማን ያወጣል የሚል ነው።" ከተማሪዎቹ መካከል ሁሌም አንድ የማይጠፋ ልጅ "እሱን እኛም ለማወቅ እንፈልጋለን" ይልና ክፍሉ ይስቃል።

መልሱ ጎረቤት ነው። አንጎል ገና ቀጭን ቱቦ እያለ፣ በመካከለኛውና በኋለኛው ክፍል ድንበር ላይ ጥቂት ሴሎች አሉ። እነዚህ በዙሪያቸው ላሉት መልእክት ይልካሉ። መልእክቱ የደረሰው ሴል አንድን ዘረመል ይከፍታል፣ ያ ደግሞ ሌላውን ያስከፍታል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ የአንጎሉ መካከለኛ ክፍል ይሠራል። መልእክቱ የሚሰማው ደግሞ በጊዜው ሲላክ ነው። ድንበሩን ቆርጠህ ሌላ ቦታ ብትተክለው እዚያም ይናገራል፤ የግንባር ሴል መሆን የነበረበት ጎረቤት ሰምቶት መንገዱን ይለውጣል። ይህን ዓለም ካወቀው ቆይቷል፣ በመጽሐፍ ላይ አለ። ዶክተር ገመቹ ግን መጽሐፍ የሚበቃቸው ሰው አልነበሩም። "ልጆቻችን በራሳቸው ከተማ፣ በራሳቸው እንቁላል፣ በዓይናቸው ማየት አለባቸው። አለበለዚያ የሰው አገር ወሬ ሆኖ ይቀራል" ይሉ ነበር።

የእጁ ሥራ እንዲህ ነው። እንቁላሉ በጎኑ ይተኛል፣ ፅንሱ ተንሳፎ ወደ ላይ እንዲመጣ። በመርፌ ከነጩ ጥቂት ይቀዳል፤ ያኔ አስኳሉ ዝቅ ይልና ፅንሱ ከቅርፊቱ ይላቀቃል። ቅርፊቱ እንዳይሰነጠቅ ፕላስተር ይለጠፍበትና በቀጭን መቀስ መስኮት ይከፈታል። ፅንሱ ያለ እገዛ አይታይም፤ ስለዚህ ከሥሩ የቀጠነ ጥቁር ቀለም ይረጫል፣ ከዚያ ነጩ አካል ጎልቶ ይወጣል። ልቡ እየመታ ታየዋለህ። ስንት ዓመት ሠርቼ እንኳ ያቺን ልብ ሳይ ትንፋሼን እውጣለሁ።

ከአንዱ ፅንስ ድንበሩ ላይ ጤፍ የማታክል ቁራሽ ትቆረጣለች። በኋላ የት እንዳለች እንድትታወቅ በላመ የከሰል ብናኝ ትነካለች። ከዚያ በሌላው ፅንስ ግንባር ላይ፣ ያ ዘረመል በተፈጥሮው በማይከፈትበት ቦታ ትተከላለች። መስኮቱ ይታሸግና እንቁላሉ ወደ ሙቀቱ ይመለሳል። ጊዜው ሲደርስ ፅንሱ ወጥቶ ይቀለማል፤ ዘረመሉ የተከፈተበት ሴል ብቻ ሰማያዊ ይሆናል። ከጥቁሩ ነጥብ ዙሪያ ያሉት የግንባር ሴሎች ሰማያዊ ከሆኑ አዲሷ ጎረቤት አናግራቸዋለች፣ ሰምተዋታልም ማለት ነው። በማቅለሙ ጊዜ የጣት ላብ ጠላታችን ነው፤ ዘረመሉ መከፈቱን የሚነግረንን ምልክት በልቶ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ጓንት ያላደረገ ሰው በእኔ በር አያልፍም። አንድ ጊዜ የክፍሉን ኃላፊ ራሳቸውን አስወጥቻለሁ፤ ተቀይመውኝ ነበር፣ ረሱት።

ዶክተር ገመቹ መርፌዎቻቸውን ራሳቸው ይስሉ ነበር፤ ለሰው አይሰጡም። እንቁላል ከመክፈታቸው በፊት ሰዓታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ይከታሉ፣ ጥፍራቸውን ያያሉ፣ ወንበራቸውን ሁለት ጊዜ ይጎትታሉ። እንቁላሉ ክፍት እያለ አይናገሩም፣ ሰው ሲያናግራቸውም አይሰሙም። መስኮቱን ሲያሽጉ ብቻ "ይቅናህ" ይሉታል፣ ከቤት እንደሚሸኙት ልጅ። በመተላለፊያው የሚያልፍ ሁሉ አንገቱን በበሩ አስገብቶ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ሳይለን አይሄድም። በመጀመሪያው ዓመት ፈገግ እንል ነበር። በኋላ በሩን መዝጋት ጀመርን።

እንቁላሉን የምናገኘው ከቢሾፍቱ ነበር። ጫጩት የሚሆን እንቁላል በገናና በፋሲካ ሰሞን የሚቀመስ አይደለም። በሁዳዴ ግን የጾመኛው ቤት ሁሉ እንቁላል አይነካም፤ እርባታው ዘንድ ይከማቻል፣ ገዢ ሲያጡለት ለእኛ በሣጥን በሣጥን ይለቁልናል። ስለዚህ የዓመቱን የመትከል ሥራ ሁሉ ለሁዳዴ እናቆየው ነበር። ይህች ብልሃት ያስመሰገነችን ናት፤ ሌሎች ክፍሎች ዕቃ አጣን እያሉ ሲያለቅሱ እኛ እንቁላል ይተርፈን ነበር። በአንድ ጉዞ ያመጣነውን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለችው መጋዘናችን እናስቀምጥና እስኪያልቅ እንሠራበታለን። ፍሪጅ አይገባም፤ ፍሪጅ ፅንስ ይገድላል፤ ይህ ቢሾፍቱ ያለ እርባታ ሁሉ የሚያውቀው ሕግ ነው።

እንግዲህ ያ ክፉ ነገር እዚህ ላይ መጣ። ዶክተር ገመቹ ተከሉ፤ ፅንሶቹ ሞቱ። በሚቀጥለው ሁዳዴ ተከሉ፤ ሞቱ። መስኮቱን ስንከፍት የምናገኘው የደፈረሰ ውኃ ነበር። መርፌውን አቀጠኑ፣ ቀለሙን ለወጡ፣ ፕላስተሩን ለወጡ፣ የእኔን ሽቶ ሳይቀር አስተዉኝ። ሞቱ። ለማነጻጸሪያ ሳንከፍት ከዚያው ሣጥን ያስቀመጥናቸው እንቁላሎች ግን በመብራት ሲታዩ ልባቸው ይመታል። እሳቸውን የጎዳቸው ይህ ነው። ሁሉም ቢሞቱ ኖሮ ማሽኑን ወይም መብራት ኃይልን እንወቅስ ነበር።

የመጨረሻውን ዕለት አልረሳውም። ሥራ መውጫ ሰዓት ላይ የሞተውን ከደኑና መርፌዎቹን አንድ በአንድ እየጠረጉ ማኅደራቸው ውስጥ አስገቡ።

"ዘነቡ፣ ያልነካኋቸው ይኖራሉ፣ የነካኋቸው ይሞታሉ። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ አለ? እጄ ነው።"

"እጅዎ እኮ አይንቀጠቀጥም ዶክተር። እኔ አይደለሁ እንዴ አጠገብዎ የምቀመጠው?"

"ለአንቺ አይታይሽም። ለፅንሱ ይታየዋል" አሉና ማኅደሩን ወደ እኔ ገፉት።

ከዚያ በኋላ አስተማሩ እንጂ እንቁላል አልከፈቱም። ጡረታ ሲወጡ የባለቤታቸው የእትዬ አስካለ ቤት ወዳለበት ወደ ደራ ሄዱ። በበዓል እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ፓፓያ ተክለዋል፣ ጨዋታቸው አልጠፋም። እጃቸውን ግን ጡረታ አውጥተውታል። እሾህ ቢወጋቸው የሚያወጡላቸው እትዬ አስካለ ናቸው፤ ዓሣ ቢቀርብ አጥንቱን የሚለቅሙላቸው፣ ሰዓታቸውን እንኳ የሚያስሩላቸው እሳቸው ናቸው። ሐኪም ዘንድ ሄደው እጃቸው ጤነኛ ነው ተብለዋል። "ለሻይ ብርጭቆ ጤነኛ ነው" ብለው መለሱለት አሉ። እየሳቅን ነው የምናወራው፤ ወደ ናዝሬት ስመለስ ግን ሚኒባስ ውስጥ ሳቁ አይከተለኝም ነበር።

ዓመታት አለፉ። እኔ ለጡረታ ስቃረብ ሌንሳ መጣች። የዚያው የናዝሬት ልጅ ናት፣ የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ፣ ንግግሯ ፈጣን፣ እግሯም ፈጣን። ለማስተርስ ጥናቷ የዶክተር ገመቹን ሥራ መረጠች። የክፍሉ ኃላፊ "እሳቸው ያልቻሉትን?" አሏት። "እሳቸው እኮ አቋረጡት እንጂ አልጨረሱትም" አለቻቸው። ለዚህች መልሷ ወደድኳት። ማኅደሩን አውጥቼ ሰጠኋት፣ ያየሁትንም ሁሉ አሳየኋት፣ ወንበር መጎተቱን ጭምር።

በሁዳዴ ተከለች። ሞቱ። ጀማሪ ናት ብለን አለፍነው፤ ደጋግማ ተከለች፣ ሞቱ። የክፍሉ ኃላፊ ጠርተው እስከ መስከረም ውጤት ካላመጣሽ ርዕስ ትቀይሪያለሽ አሏት። ርዕስ መቀየር ማለት ሌላ ዓመት ማለት ነው።

በሐምሌ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ "እትዬ ዘነቡ፣ ልሞክር ነው" አለችኝ።

"አሁን እንቁላል እሳት ነው፤ እርባታውም በሣጥን አይለቅም። ሁዳዴ ድረስ ጠብቂ።"

"እኔ ሁዳዴ ድረስ ጊዜ የለኝም። ደግሞ ትንሽ ብቻ ነው የምገዛው፤ ራሴ ሄጄ ጭኔ ላይ ይዤው እመጣለሁ።"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አልኳት። ሳቀችና ሄደች። በዚያው ዕለት እርጥብ ሹራቧን ሳታወልቅ እንቁላሎቹን ማሽኑ ውስጥ ደረደረቻቸው። ጊዜው ሲደርስ ተከለች፣ አሸገች። ከአንድ ቀን በኋላ መስኮቱን ስንከፍት ልብ ይመታል። የሁለተኛውን ከፈትን፣ ይመታል። አንዱ ሞቶ ነበር፤ የቀሩት ሁሉ ይመታሉ። እርስ በርስ አልተያየንም፤ ብንተያይ የሚጠፋ ይመስለን ነበር።

የማቅለሙ ሥራ ቀናት ይወስዳል። መጨረሻው ላይ ፅንሱ በትንሽ ሳህን ቀለም ውስጥ ይገባና ይጠበቃል። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። መጀመሪያ ሰማያዊ የሆነው የሚጠበቀው ቦታ ነው፣ መካከለኛው አንጎል፤ ቀለበት መስሎ ወጣ። ግንባሩ ላይ የከሰሏ ነጥብ ብቻ አለች። ሌንሳ መጸለይ ጀመረች፣ ድምፅዋን ሳታወጣ። እኔ አላስቻለኝም፣ ጓንቴን አውልቄ ወጣሁ፣ ሌላ ጓንት አድርጌ ገባሁ። ተመልሼ በማይክሮስኮፑ ሳይ በከሰሏ ዙሪያ ጭጋግ የመሰለ ሰማያዊ ነበር። ዓይኔ ነው ብዬ ተነሣሁና እሷን አስቀመጥኳት። ዝም አለች። ሌንሳ ዝም ስትል እውነት ነው። ጭጋጉ ደመቀ፣ ዳር አበጀ። በተፈጥሮው ያንን ዘረመል ከፍቶ የማያውቅ ግንባር፣ አንዲት ጎረቤት ስለተተከለችበት ብቻ ከፈተ። እዚያው ናዝሬት፣ የቅዳሜ ገበያው ጫጫታ እየተሰማን። ተቃቅፈን አለቀስን። አላፍርበትም፤ ደስታው እስከ ዛሬ ጣቶቼ ላይ ይሰማኛል።

ሰኞ ወሬው በመተላለፊያው ሮጠ። ሁሉም መጥቶ አየ፣ በጓንት። የክፍሉ ኃላፊ ጨበጧት፤ ከዚያ በደግነት "ለካ የእጅ ጉዳይ ነበር! ዶክተር ገመቹ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እጃቸው ከብዶ ኖሯል" አሉ። ደስታዬ እንደ ሻይ ቀዘቀዘ። የእሳቸው ፍርድ በእኛ ድል ጸደቀ ማለት ነው። ደግሞም ሰውየው በሕይወት አሉ፣ ነፍሳቸው ምን ቆርጧት ነው በሞተ ሰው ቋንቋ የምትጠራው።

ሌንሳ ግን እጆቿን ዘርግታ ታያቸው ነበር። "እትዬ ዘነቡ፣ በሁዳዴስ የገደለው ይኸው እጅ አይደለም እንዴ? በጥቂት ወር ምን ተለወጠ?"

ተቀምጠን አሰብን። መርፌው ያው፣ ቀለሙ ያው፣ እጁም ያው። የተለወጠው እንቁላሉ ነው። የሐምሌው በመጣበት ቀን ማሽን ገባ። የሁዳዴው የሚቆየው መጋዘን ውስጥ ነው፤ መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ ናዝሬት የምትነድበት ጊዜ ነው፤ በቆርቆሮ ሥር ያለውን አስቡት። ቢሾፍቱ ቀዝቀዝ ይላል፣ እንቁላል ከፍሪጅ ውጭ ቢውል ተኝቶ ይቆያል። ሕጉ ለቢሾፍቱ ልክ ነው። እኛ ሕጉን በአውቶቡስ ጭነን ቆላ አወረድነው። ሌንሳ መጻሕፍቷን ገልብጣ አረጋገጠች፤ እንቁላል በሞቀ ክፍል ሲከርም ፅንሱ አይተኛም፣ በደንብም አይነቃም። በግማሽ እንቅልፍ ይደክማል። ካልነኩት ተንገዳግዶ ያድጋል፤ መርፌ ሲያርፍበት ግን የሚያገግምበት ጉልበት የለውም።

ይህ ገና ግምት ነው፤ በግምት ሰው ነፃ አይወጣም። ስለዚህ ሞከርነው። በአንድ ቀን ከተጣለ እንቁላል ግማሹን ቀዝቀዝ ያለ ክፍል አኖርን፤ ግማሹን ትርፍ ማሽናችንን የመጋቢትን መጋዘን ያህል እንዲሞቅ አድርገን እዚያ አከረምነው። እኩል አቆየናቸው። ከዚያ ሁሉንም እኩል አሙቀን፣ ሌንሳ የቱ የቱ እንደሆነ ሳታውቅ ከፍታ ተከለች፤ እኔ ነኝ ምልክቱን የያዝኩት። ስንከፍታቸው በቀዝቃዛው የከረሙት በብዛት ኖሩ፤ በሙቀት የከረሙት፣ አንዲት ግትር ስትቀር፣ ሁሉም ሞተዋል። ከሞቁት መካከል ሳንከፍት የተውናቸው ደግሞ ልክ እንደ ድሮው ልባቸው ይመታ ነበር። ምልክቱን ሳነብላት ሌንሳ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። እኔ "ደራ እንሂድ" አልኩ።

ጥናቷን በመርማሪዎች ፊት የምታቀርብበት የመከላከያ ቀን ሊደርስ ጥቂት ቀናት ነበር የቀሩት። መርማሪዎቹ ፅንሱን በዓይናቸው እናያለን ብለዋል። ከሁሉ ያማረው አንድ ነበር፤ እሱን በትንሽ ብልቃጥ፣ ማይክሮስኮፑን በካርቶን ይዘን ሚኒባስ ተሳፈርን። ረዳቱ ካርቶኑን ጣሪያ ላይ ልጫነው አለ፤ ሁለት መቀመጫ ከፈልኩበት።

እትዬ አስካለ በሩ ላይ ተቀበሉን። "አካም ጅርቱ! ምነው ሳትደውሉ?" እያሉ ሳሙን። ዶክተር ገመቹ ፀሐዩ ላይ በረንዳ ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብላ ሰላምታ ስትሰጣቸው ሌንሳን በኦሮምኛ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ከዚያ እኔ ከሁዳዴው እስከ ሐምሌው ሳላቋርጥ ተናገርኩ። ሳያቋርጡኝ ሰሙ። ስጨርስ ወደ ፓፓያው አዩ።

"የሞቁትን ሳትከፍቱ ያስቀመጣችኋቸውስ?" አሉ።

"ኖሩ ዶክተር" አለች ሌንሳ። "እርስዎ እንዳዩት። መርፌ የነካቸው ብቻ ናቸው የሞቱት፣ ያውም በእኔ እጅ።"

"የሞቀውና ያልሞቀው የቱ እንደሆነ ታውቂ ነበር?"

"አላውቅም። እትዬ ዘነቡ ደብቀውኛል።"

አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ቤቱ መለሱና "አስካለ፣ ሰማሽ? እጄ አይደለም ይላሉ" አሉ።

"እኔስ መቼ እጅህ ነው አልኩህ" አሉ እትዬ አስካለ ከውስጥ። 

ማይክሮስኮፑን በረንዳው ላይ ተከልን፣ በመስታወቱ ፀሐዩን ያዝን፣ ፅንሱን በሳህን አኖርንላቸው። ጎንበስ አሉ። ቀለበቱን አዩ፣ ግንባሩን አዩ። በእጃቸው ምስሉን የሚያጠራውን መዘውር አዞሩ፣ መለሱ፣ አዞሩ። ቀና ሳይሉ እጃቸውን ወደ ሌንሳ ዘረጉ።

"መርፌ።"

 ሌላ እንዲህ ያለ ፅንስ የለንም። የተቀለመ ፅንስ እንደ ረጠበ ወረቀት ነው፤ እኔና ሌንሳ እንኳ ፈርተን ከጎኑ ገልብጠነው አናውቅም። ቃል ላወጣ አፌን ስከፍት ሌንሳ ከማኅደሩ ቀጭኑን መርፌ መርጣ፣ እጀታውን ወደ እሳቸው አዙራ ሰጠቻቸው።

ዶክተር ገመቹ የግራ እጃቸውን ሰዓት ፈትተው ኪሳቸው ከተቱ። ወንበራቸውን ጎተቱ። መርፌውን በፅንሱ ሥር አስገቡት፤ ሲንቀሳቀስ አላየሁትም፣ ሲያርፍ ብቻ ነው ያየሁት። ፅንሱ ሙሉውን፣ አንድ ቦታ ሳይቀደድ፣ በሌላኛው ጎኑ ተኛ። ለረጅም ጊዜ አዩ።

"እናንተ ግማሹን ነው ያያችሁት" አሉ። "ሰማያዊው በዚህ በኩል ይበልጣል። ከጥቁሩ ነጥብ አልፎ እስከ ዓይኑ ሥር ሄዷል። ጎረቤት ለጎረቤት እየተቀባበለ ነው። ነዪ፣ እዪው።"

ሌንሳ አየች፣ እኔም አየሁ፤ እትዬ አስካለ እጃቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ መጥተው እሳቸውም አዩ። ሌንሳ ስልኳን ማይክሮስኮፑ ላይ ደግና ፎቶ አነሣች። በመከላከያዋ ቀን ግድግዳው ላይ ገና ሲበራ መርማሪዎቹን ከወንበራቸው ያስነሣው ፎቶ ያ ነው። ከመካከላቸው አንዱ እንዲህ ያለውን ስስ ነገር ሳትቀድዱ ማን ገለበጠላችሁ ብሎ ጠየቀ። ሌንሳ ወደ ፊተኛው ረድፍ ዞራ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው የተቀመጡትን ሽማግሌ በሁለት እጇ አሳየችው።